የሂዳያ ስፕሊት

ሂዳያ ሙሄ ወደ መቅደስ ጂም የሄደችው ወገቧን ለማዳን ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቋ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ቀሚስ ሰፍታለች። በሃያ ስምንት ዓመቷ ከወንበር ስትነሣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና «ያ አላህ» ማለት ጀምራ ነበር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ኪኒን ከሰጣት በኋላ፣ «ይሄ ለሳምንት ያስታግስልሻል። ሰውነትሽን ካላንቀሳቀስሽ ግን ተመልሰሽ ትመጫለሽ» አላት።

መቅደስ ልጅነቷን በሰርከስ ያሳለፈች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ባሏ ሸዋ ሮቢት ላይ ሥራ ሲያገኝ አብራው መጣችና ከወፍጮ ቤቱ ጎን የነበረውን የማሾ መጋዘን ተከራይታ ጂም አደረገችው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ለሴቶች ብቻ ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። መሐሉ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያው ብረት የሚደርስ ጥቁር ምሰሶ ቆሟል። ሂዳያ ጣሪያውን የደገፈ መስሏት ነበር።

«እሱ ፖል ነው» አለቻት መቅደስ። «እንወጣበታለን።»

«ወጥተን ምን እንሆናለን?»

መቅደስ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና በሦስት ስበት ከሰው ቁመት በላይ ደረሰች። አንድ እጇን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጋ ጨበጠችው። ከዚያ ተገለበጠች። ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ዳሌዋ ወደ ላይ ሆነ፤ እግሮቿም መቀስ ሲከፈት እንደሚለያየው ቀስ ብለው ተለያዩ፤ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ ጓሮው፣ ቀጥ ያለ አንድ መስመር እስኪሆኑ ድረስ። ፖሉን የነኩት ሁለት እጆቿ ብቻ ነበሩ። እንደዚያ ሆና አምስት ያህል ቆጠረችና ወረደች፤ ትንፋሿ እንኳን አልተቆራረጠም።

ሂዳያ ወገቧን ረስታው ቆማለች።

«ይሄ ምን ይባላል?»

«የተገለበጠ ስፕሊት። ከባዱ እሱ ነው። አንቺ መጀመሪያ ወገብሽን...»

«እሱን አስተምሪኝ።»

መቅደስ ሳቀች። «እስቲ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪና የእግር ጣትሽን ንኪ።»

ሂዳያ ሞከረች። እጇ ከጉልበቷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። መቅደስ አሁን አልሳቀችም፤ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «ዓመት ይፈጅብሻል» አለቻት።

«ዓመትማ ሲመጣ የት ይሄዳል» አለች ሂዳያ።

ይህ ነሐሴ ላይ ነው። በማግሥቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሮቢት ገና ሳይሞቅ ጂሙ በር ላይ ቆማ ተገኘች፤ ከዚያ በኋላም ከጁምዓ በስተቀር አልቀረችም።

ፖሉ የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የለበሰ ስለሆነ በሱሪና እጅጌው ረጅም በሆነ ልብስ ይሠራበታል፤ ይሄ ለሂዳያ ተስማማት። ሁለት ሱሪ እግሯን ስትከፍት ተተረተረባት። ሦስተኛውን ራሷ ሰፋችው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ፣ ዳሌው ላይ ሰፋ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ሶስት ማዕዘን የተቆረጠ ጨርቅ ያስገባችበት። ወር ሳይሞላ የጂሙ ሴቶች ሁሉ ያንን ሱሪ ለብሰው ነበር።

እግር የመክፈቱን ትምህርት መሬት ላይ ነው የጀመሩት። ፊትና ኋላ ዘርግታ ዝቅ ስትል ከወለሉ የቀራትን በስፌት ሜትሯ ትለካው ነበር። መስከረም ላይ ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር። ኅዳር ላይ ሃያ አንድ። ጥር ላይ አሥራ ሁለት ደርሶ ወር ሙሉ አልንቀሳቀስ አለ። ሱቅ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት እግሯን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሰቅላ ቁልፍ ትተክላለች። ወገቧን የሚያማት ነገር መቼ እንደቆመ አታውቀውም፤ አንድ ቀን ደንበኛዋ «ወገብሽስ?» ስትላት ነው ትዝ ያላት። መጋቢት ላይ ሜትሩ ከሥሯ አልገባ አለ።

ፖሉ ላይ ግን ሌላ ጉድ ነበር፤ ላብ። ሮቢት ጠዋት በአንድ ሰዓት ሰውን ያልበዋል። መዳፏ ላስቲኩ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። የተነፋ አመድ እጇ ላይ ነስንሳ ሞከረች፤ ከላቡ ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆነ፤ ፖሉን ማጠቡ ግማሽ ቀን ወሰደባቸው። ፎጣ ይዞ መውጣት፣ በየሁለት ሙከራው መጥረግ፣ ተራ መጠበቅ። መገልበጡን በዚህ መሐል ቻለችው። ተገልብጣ እግሮቿን መክፈት ስትጀምር ግን ሰውነቷ ይዞርና ትወርዳለች።

ግንቦት ላይ ወደቀች። ተገልብጣ፣ ቀኝ እግሯ ተከፍቶ፣ ግራው ሊከተል ሲል የታችኛው እጇ ሸርተት አለ። ፍራሹ ላይ በግራ እጇ አረፈች። አልተሰበረም፤ ወለም ብሎ ነው፤ እጇ ግን ማታውን አብጦ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ለሠርግ የተቀበለቻቸውን ሁለት ቀሚሶች ለሌላ ሰፊ አስተላለፈች።

ባሏ ጣሪቅ የጭነት አይሱዙ ሹፌር ነው፤ የሮቢትን ሽንኩርት አንድ ቀን ወደ ደሴ፣ አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ያወጣል። ከደሴ ሲመለስ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ አገኛት። አልጮኸም። ጣሪቅ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል።

«እስካሁን ምንም ያላልኩሽ ወገብሽ ስለተሻለሽ ነው» አለ። «አሁን ግን እጅሽ ተነካ። እጅሽ ደግሞ ሥራሽ ነው።»

«ይድናል።»

«ዳነ እንበል። በሚቀጥለውስ? አንገትሽ ቢሆንስ?»

አንገቷን ሂዳያም አስባው ነበር። መናኸሪያው አካባቢም ወሬው ከተጀመረ ቆይቷል፤ አንዷ ደንበኛዋ ቀሚስ ስትለካ «ምሰሶ ላይ እንደ ጦጣ ትሰቀያለሽ አሉ» ብላታለች፣ እየሳቀች። እጇ ዳነ፤ ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ ወደ ጂሙ ግን አልተመለሰችም። መቅደስ ሁለት ጊዜ ደወለችላት። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች ሂዳያ። ሥራ አልበዛባትም።

የጣሪቅ እናት እትዬ ዓሊያ ከእነሱ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ቀወት ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ከሱብሂ በኋላ የሂዳያን ክፍል በር ገፋ አደረጉት።

«ዛሬም አትሄጂም?»

«ተውኩት እማ።»

«እጅሽ አልዳነም እንዴ?»

«ድኗል።»

«ታዲያ?»

ሂዳያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሰውም ያወራል። ጣሪቅም ደስ አላለውም። ደግሞ ፈራሁ።»

«ሰውን ተይው» አሉ እትዬ ዓሊያ። «ጣሪቅን ለእኔ ተይልኝ። ፍርሃቱን ግን አሳይኝ።»

«ፍርሃት እንዴት ይታያል እማ? አንቱ ደግሞ።»

«ውሰጂኛ! እዚያ ስትወጪ አያለሁ።»

ወሰደቻቸው። መቅደስ ሁለቱን በር ላይ ስታይ ለእትዬ ዓሊያ ወንበር ሰጠችና ፍራሹን አነጠፈች። ሂዳያ ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ተገለበጠች፣ ሦስቱንም ጊዜ እግሯን ሳትከፍት ወረደች። እትዬ ዓሊያ ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር እንደያዙ ያያሉ።

«የላይኛው እጅሽ ጎበዝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የሚፈራው የታችኛው ነው።»

«እንዴት?»

«ክርንሽን ታጥፊዋለሽ። በላይኛው መንጠልጠል ነው፤ በታችኛው ግን ምሰሶውን ወዲያ መግፋት ነው። ካልገፋሽው ወደ አንቺ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ይጥልሻል።»

መቅደስ ሁለት እጇን አነሣች። «እትዬ ዓሊያ! ይህንኑ እኮ ሦስት ወር ሙሉ ነግሬያታለሁ!»

«አንቺ በትምህርት ነው የነገርሻት። እኔ ወድቄበት ነው» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ከክርናቸው ሥር ያለ የቆየ ጠባሳ አሳዩ። ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ማሽላ ከወፍ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ማማው በአራት ረጃጅም እንጨት ላይ የቆመ ነው፤ መሰላል የለውም። በአንደኛው እንጨት ይወጣሉ፣ ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው። አንድ የመኸር ወቅት ከማማው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። በማግሥቱ በአንድ እጄ ካልወጣሁ ብለው እናታቸውን አስለቅሰዋል።

«ለምን ወጡ?» አለች ሂዳያ።

«ከዚያ ላይ ሆኜ የቀወት ማሽላ በሙሉ የእኔ ይመስለኝ ነበር። መሬት ላይ ስሆን ግን የወንድሞቼ ነው።»

ሂዳያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን የታችኛዋን፣ የግራ እጇን ብቻ አስተማረቻት። በግድግዳ ላይ ገፋች፤ በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ገፋች፤ ክርኗ ሳይታጠፍ ሰውነቷን እስኪሸከም ድረስ። ጣሪቅን እናቱ ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አታውቅም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ግን ጂምናስቲክ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው እንዳይንሸራተት የሚቀቡትን ነጭ ዱቄት አንድ ፓኮ ይዞላት መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ «ሻጩ ለላብ ጥሩ ነው ብሎኛል» አለ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ ወጣች። ያዘች። ተገለበጠች። የታችኛው እጇ ገፋ፤ ፖሉ ከፊቷ ራቀ፤ በራቀው ቦታ ላይ ሰውነቷ ረጋ። ቀኝ እግሯ ሄደ። ግራው ተከተለው። መቅደስ ከሥር የምትለውን ዝናቡ ዋጠው። ሂዳያ ወረደችና ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«ከፈትኩት?»

«ከፍተሽዋል! ጮኼልሻለሁ እኮ!»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም ሂዳያ! በሜትር ብትለኪው ዝንፍ አይልም!»

ሂዳያ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። እጇ ላይ የነበረው ነጭ ዱቄት ከእንባዋ ጋር ፊቷ ላይ ቀረ፤ እንደዚያው ሆና ሱቅ ሄዳ ከፈተች። ያን ቀን የአንዲት ሴት ቀሚስ ላይ እጅጌውን ገልብጣ ሰፍታ እንደገና መፍታት ነበረባት።

ኅዳር ላይ ደብረ ሲና የሴቶች የስፖርት ቀን ተዘጋጀ። መቅደስ ሦስት ሴቶች ይዛ እንድትመጣ ተጠራች፤ አንዷ ሂዳያ ሆነች። ፖሉን ከመጋዘኑ ነቅሎ ከማሰሪያ ገመድ ጋር ጣሪቅ አይሱዙው ላይ ጫነው። ሴቶቹ ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ቦታ ያላገኙት በሚኒባስ ተከተሉ። እትዬ ዓሊያ መስኮቱ ጋ ናቸው። መኪናው ጠመዝማዛውን መንገድ ሲወጣ በየኪሎ ሜትሩ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሂዳያ መጀመሪያ ደስ አላት። ላብ የለም ማለት ነው።

ደብረ ሲና ሲደርሱ ጉሙ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ፖሉን አቁመው ገመዶቹን በካስማ ወጠሩ። ፕሮግራሙ በሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው አምስት ሰዓት ሆነ፤ ንግግር ነበረ፣ ከዚያ ሌላ ንግግር፣ ከዚያ የገመድ ጉተታ። ሂዳያ የጣሪቅን ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ጭኗ፣ ሮቢት ውስጥ እንደ ሊጥ የሚሳበው ጭኗ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖባታል። ተራዋ ሲደርስ የሰው ብዛት ሜዳውን ከቦታል።

ወጣች። ላስቲኩ በጉሙ ርሷል፤ ጣቶቿም ደንዝዘው መጨበጣቸውን እርግጠኛ አይደለችም። ተገልብጣ እግሯን መክፈት ስትጀምር ከግማሽ አልፎ አልሄድ አለ። ልታስገድደው ስትሞክር ሁለቱም እጆቿ ተንሸራተቱና በፖሉ እየተፋተገች መሬት ደረሰች። አልተጎዳችም። ከኋላ ግን አንድ ሰው ሳቀ፤ አንዲት ሴት ደግሞ «ምስኪን፣ በቃት» ስትል ሰማች።

መቅደስ ሮጣ መጣች። «ተይው ሂዳያ። ቀለል ያለውን አሳዪያቸውና ውረጂ፤ ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሂዳያ። «ሌሎቹን አስቀድሚ። አሥር ደቂቃ ብቻ ስጪኝ።»

ወደ መኪናው ሮጠች። ጣሪቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሞተሩን አስነሣው!»

«የት ልንሄድ?»

«የትም አንሄድ። ሙቀት እፈልጋለሁ።»

ገባው። ሞተሩን አስነሣ፣ መስኮቶቹን ዘጋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሂዳያ እጆቿን የሙቀቱ መውጫ ላይ ደቅና፣ አንድ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቀለች፤ ከዚያ ሌላውን። ጋቢናው ታፈነ። የጣሪቅ ግንባር ላቡን ማውረድ ጀመረ።

«ጋቢናው እኮ ሮቢት ሆነ» አለ ፊቱን እየጠረገ።

«አዎ!» አለች። «አዎ፣ እንደዚያ አድርገው!»

ስትመለስ ሌሎቹ ሁለቱ ጨርሰው፣ መቅደስ ፎጣ ወገቧ ላይ አስራ ፖሉን ከላይ እስከ ታች እየጠረገች ስትወርድ አገኘቻት። የታችኛውን በኩል እትዬ ዓሊያ ናቸው የሚያደርቁት፤ ከዳር እስከ ዳር ሰው እያያቸው፣ በራሳቸው ሻርፕ፣ ልክ ቤታቸው ያለ ዕቃ እንደሚወለውሉ ሆነው። ሂዳያን ሲያዩ ዞር አሉላት።

ሂዳያ ሹራቡን አወለቀች፣ ዱቄቱን እጇ ላይ አሸች፣ «ቢስሚላህ» ብላ ወጣች።

አሁን እጆቿ ያውቃሉ። የላይኛው ያዘ፣ የታችኛው ገፋ። ሜዳው፣ ጉሙ፣ የሰዉ እግር ሁሉ ከላይ ሆነ። አልቸኮለችም። ቀኝ እግሯን እንደ ጨርቅ ዘረጋችው፤ ግራውን በተቃራኒው። ዳሌዋ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ እምቢታ ስትለቅ ተሰማት፤ እግሮቿም ወዲያና ወዲህ፣ ሄደው ሄደው ቀጥ አሉ። መጀመሪያ የተሰማው የእትዬ ዓሊያ እልልታ ነው፤ ቀጭንና ረጅም፤ ከእሱ በኋላ ሜዳው በሙሉ ተቀበላቸው።

ሂዳያ ስትወርድ መቅደስ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። የማታውቃቸው የደብረ ሲና ሴቶች ትከሻዋን ይዳስሳሉ፣ አንዷ ክንዷን ጨብጣ እውነት ሥጋ መሆኑን ታጣራለች፣ ሌላዋ «የት ነው የምታስተምሩት?» ትላለች። ጣሪቅ በሰው መሐል ተጋፍቶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አየኸኝ?» አለችው።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ምን?»

«ወላሂ ፈራሁ። ሰዉ ሲጮህ ነው የገለጥኩት፤ ስትወርጂ ነው ያየሁሽ።»

ሂዳያ አፏን ከፍታ አየችው። ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ እግር ሴት «ይደገም!» ብላ ጮኸች፤ አጠገቧ ያሉት ተቀበሏት፤ ወዲያው ሰዉ ሁሉ እያጨበጨበ «ይደገም! ይደገም!» ማለት ጀመረ። ማይክ የያዘው ሰውዬ ሰዓቱን ያያል፤ ማንም ግን እሱን አልሰማውም።

«አሁን ብትጨፍን» አለችው ሂዳያ ዱቄቱን እንደገና እያሸች፣ «ሦስተኛ የለም።»

«አልጨፍንም።»

ወጣች። ተገለበጠች። እግሮቿ ሲከፈቱ ሰዉ መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልምምድ ላይ ከስድስት አልፋ አታውቅም። ስድስት አለፈ። ስምንት ላይ ክንዷ ተቃጠለ። አሥር ላይ የጣሪቅ ድምፅ ከሁሉም በላይ ሆኖ ተሰማት፤ አሥራ አንድ ላይ እሷም ተገልብጣ እንዳለች ጮክ ብላ አብራቸው ትቆጥር ጀመር። «አሥራ አራት!» ሲሉ እግሮቿን ሰበሰበች፤ ጉልበቷ አልቆ አልነበረም፤ ሳቋ አሸንፏት ነው።